በደሴና በኮምቦልቻ ሰማይ የሚያንዣብቡትን አዳኝ አእዋፍ እንዴት እንለያቸው?

ጥያቄ፦ «ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ስለሆነ በመካከላቸው ያለውን የሐረጎን ዳገት በየቀኑ እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ። ባለፈው ሳምንት ከመንገዱ በታች ነፋስ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ጥቁር ወፍ አየሁ፤ ጅራቱ ቀይ ነበር። በማግስቱ እዚያው ቦታ ላይ ጅራቱ እንደዚያው ቀይ፣ ሆዱ ግን ነጭ የሆነ ሌላ ወፍ አየሁ። እነዚህ ሁለት ዓይነት ናቸው? ከተማው ላይ የሚዞሩትንስ ሁሉንም አሞራ ከማለት በቀር እንዴት መለየት ይቻላል? የት ልቁም? መቼ? ውድ መሣሪያስ ያስፈልጋል?»

ምላሽ፦

ጠያቂያችን ያዩዋቸው ሁለቱ ወፎች ዓይነታቸው አንድ ነው። በባለሙያዎች ዘንድ ኦገር ባዛርድ የሚባለው የደጋ ጭልፊት በሁለት መልክ ይገኛል፤ አንዱ ጀርባው ጥቁር፣ ደረቱና ሆዱ ነጭ ሲሆን፣ ሌላው ከራሱ እስከ ሆዱ ጥቁር ነው። የሁለቱም ጅራት አጭርና ጡብማ ቀይ ነው። ነጩና ጥቁሩ እርስ በርሳቸው ይጣመራሉ፤ ጥንዶቹም አንድን ተዳፋት ወይም ሸለቆ ይዘው ስለሚኖሩ፣ በተከታታይ ቀናት በአንድ ቦታ ያዩዋቸው አንድ ጎጆ የሚጋሩ ወንድና ሴት ሊሆኑ ይችላሉ። እንደገና ሲያገኟቸው ክንፋቸውን ከሥር ይመልከቱ። የጥቁሩም ቢሆን የበረራ ላባዎቹ ከሥር ሲታዩ ነጣ ያሉ ናቸው፤ ከኋላ ጠርዛቸው ላይ ብቻ ጥቁር መስመር ይዞራል። ገና ያልጎለመሰው ግን ቀይ ጅራት የለውም፤ መላ አካሉ ወደ ቡናማነት ያደላል፣ ጅራቱም ቡናማ ሆኖ ጠቆር ያሉ መስመሮች ያቋርጡታል። ስለዚህ ቀይ ጅራት ስላላዩ ብቻ ሌላ ወፍ ነው ብለው አይወስኑ።

በጥያቄዎ ውስጥ ግን ከጅራቱ ቀለም ይበልጥ የሚጠቅም ነገር አለ፤ እርሱም «ነፋስ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ» ያሉት ነው። ጀማሪዎች በአብዛኛው ቀለም ይዘው ይመጡና ሲጨነቁ ይውላሉ። ሰማይ ላይ ያለ ወፍ ፀሐይ ከበላዩ ስለምትሆን ከሥር ሲታይ ሁሉም ይጠቁራል፤ በዕድሜ ቀለሙ ይለወጣል፤ ላባው ሲያረጅ ይገረጣል፤ እርስዎ እንዳዩትም አንድ ዓይነት ወፍ በሁለት መልክ ይመጣል። የክንፉ ቅርጽ፣ የጅራቱ አቆራረጥና የአበራረሩ ጠባይ ግን ከሩቅም ይታያል። እንግዲህ በመጀመሪያ ክንፉ ሰፊ ነው ወይስ ጠባብ፣ ጫፉ የሾለ ነው ወይስ ላባዎቹ እንደ ሰው ጣት የተለያዩ ናቸው ብለው ይጠይቁ። ከዚያም ጅራቱ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ፣ መሃሉ ገባ ያለ ወይስ ወደ መጨረሻው የሾለ መሆኑን፣ ሲያንዣብብ ደግሞ ክንፉን ወደ ላይ ቀና ማድረጉን ወይም አግድም መዘርጋቱን ይመልከቱ። ቀለም የሚመጣው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ይህን ካደረጉ በኋላ ደግሞ ወፉ እዚህ ቦታ ምን እየፈለገ እንደሆነ ራስዎን ይጠይቁ፤ የብዙዎቹ ማንነት ከሚበሉት ነገር ጋር የተያያዘ ነውና።

ነፋስ ላይ ቀጥ ብሎ መቆም የጥቂቶች ሙያ ነው። በደሴ አካባቢ ይህን ሲያደርጉ በብዛት የሚታዩት ሦስት ናቸው። የደጋው ጭልፊት ክንፉን ወደ ላይ ቀና አድርጎ፣ የተራራ ነፋስ ሽቅብ በሚገፋበት አፋፍ ላይ፣ ሳያራግብ ለረጅም ጊዜ ይቆማል፤ ዓይኑ ከሥሩ ባለው ሣር ላይ ፍልፈልና የሜዳ አይጥ ይፈልጋል። ኬስትረል የሚባለው ትንሽና ቀላ ያለ ወፍ ግን ረጅሙን ጅራቱን ዘርግቶ ክንፉን ሳያቋርጥ ያራግባል። እርሱን በቅርብ ለማየት ዕድል ካገኙ ጭንቅላቱን ያስተውሉ፤ ክንፉና ጅራቱ እየተንቀጠቀጡ፣ አካሉ በነፋሱ እየተገፋ፣ ጭንቅላቱ ግን በአየር ላይ እንደተቸነከረ ሳይነቃነቅ ይቆያል። እይታው ከመሬቱ ላይ ካለችው አይጥ ወይም አንበጣ እንዳይናጥ አንገቱ የአካሉን ንቅናቄ ሁሉ ያካክሳል። ሦስተኛው ከርቀት ነጭ የሚመስለው፣ ከላይ አመድማ፣ ትከሻው ጥቁር፣ ዓይኑ ቀይ የሆነው ጥቁር ትከሻ ጭልፊት ሲሆን፣ በማለዳና ወደ ማምሻ በእርሻ ማሳዎች ላይ ሲያራግብ ወይም በመብራት እንጨት ላይ ጅራቱን ከፍ ዝቅ እያደረገ ተቀምጦ ይታያል።

ወደ ከተማው ውስጥ ስንገባ በብዛት የምናየው ቢጫ አፍ ያለው ቡናማ ጭልፊት ነው። ሥጋ ቤት ደጃፍ፣ ገበያ ዳር፣ ቆሻሻ በሚጣልበት ቦታ ሁሉ ዝቅ ብሎ የሚዞረው፣ አንዳንዴም ሥጋ የያዘ ሰው እጅ ላይ የሚወረወረው እርሱ ነው። የሚለየው በጅራቱ ነው፤ መሃሉ ገባ ያለ ነው፣ በበረራም ጊዜ አቅጣጫ ለመቀየር ያለማቋረጥ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዘነብለዋል። ይህን የጅራት መገለባበጥ አንድ ጊዜ ያየ ሰው ጭልፊቱን ከማንም ጋር አያምታታውም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ጅራቱን እስከ ጥግ ሲዘረጋው የመሃሉ ግባት ስለሚጠፋ ቀጥ ያለ መምሰሉ ነው። አፉም ሁልጊዜ ቢጫ አይደለም፤ ጫጩቶቹ ጥቁር አፍ አላቸው፣ በበጋው ወራት ከሰሜን የሚመጣው የቅርብ ዘመዱ ጥቁር ጭልፊትም እንዲሁ። በዚያ ወቅት ኮምቦልቻ ላይ ተሰባስበው የሚዞሩ ጭልፊቶች ካገኙ ሁለቱ ተቀላቅለው ሊሆን ስለሚችል በአፋቸው ቀለም ብቻ መለየት አስተማማኝ አይደለም።

አሁን በልማድ አሞራ ወደምንላቸው ወደ ጥንብ አንሶች እንምጣ፤ በእኔ እምነት ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጣቸው የሚገባ እነርሱ ናቸው። በመጠን አነስተኛው ባለቆቡ ጥንብ አንሳ ነው፤ ክንፉ ሰፊ፣ ጅራቱ አጭር፣ አፉ ቀጭን ሲሆን፣ ፊቱ ላባ የለሽና ሮዝ ነው። ሰው ካለበት የማይሸሽ በመሆኑ ቄራና ሥጋ ቤት አካባቢ ጣሪያ ላይ ተቀምጦ ሊያዩት ይችላሉ። ቀጭኑ አፉ ቆዳ ለመቅደድ ሳይሆን ትልልቆቹ ያስተረፉትን ከአጥንት መሃል ለመልቀም የተሠራ ነው። ከትልልቆቹ ዋነኞቹ ሁለት ናቸው፤ ጀርባው ነጭ የሆነው ዛፍ ላይ ጎጆ የሚሠራው፣ እንዲሁም ላባው ጫፍ ጫፉ ላይ ነጭ ቅርፊት የተጣፈበት የሚመስለውና ገደል ላይ የሚራባው የሩፐል ጥንብ አንሳ። ይህ ሁለተኛው ስሙን ያገኘው በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በሀገራችን ከተዘዋወረው ከጀርመናዊው ተመራማሪ ከኤድዋርድ ሩፐል ነው። የከፍታ ችሎታውን በተመለከተ በኅዳር ወር 1973 እ.ኤ.አ. በአይቮሪ ኮስት ሰማይ ላይ አንድ አውሮፕላን ከዚህ ዓይነት ጥንብ አንሳ ጋር የተጋጨው በ11,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነበር። ከራስዎ በላይ ነጥብ ያህል ብቻ ሆኖ የሚዞር ወፍ ካዩ በዚህ ምክንያት አይገረሙ።

የደሴ ነዋሪ ግን ሌሎች ከተሞች በቀላሉ የማያገኙትን ወፍ የማየት ዕድል አለው፤ ጢማሙን ጥንብ አንሳ፣ አጥንት ሰባሪውን። የኢትዮጵያ ደጋ በአፍሪካ ውስጥ ይህ ወፍ በብዛት ከሚገኝባቸው ቦታዎች ዋነኛው ነው። ክንፎቹ ሲዘረጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ2.3 እስከ 2.8 ሜትር ይደርሳሉ። ከሌሎች ጥንብ አንሶች በሁለት ነገር ይለያል፤ ክንፉ ረጅምና ወደ ጫፉ እየጠበበ የሚሄድ ነው፣ ጅራቱም ረጅም ሆኖ መጨረሻው ላይ ይሾላል። ሌሎቹ ጥንብ አንሶች ጅራታቸው አጭር ስለሆነ ከሥር ሲታዩ ክንፍ ብቻ ይመስላሉ፤ የእርሱ ጅራት ግን አይደበቅም። የጎለመሰው ደረቱና ሆዱ ብርቱካናማ ሲሆን፣ ይህ ቀለም አብሮት የተፈጠረ አይደለም፤ ላባው ነጭ ነው፣ ቀይ ቀለሙን የሚያገኘው ብረት ባለበት ጭቃና ምንጭ ውስጥ ሆን ብሎ እየተንከባለለ ነው። ከአፉ ሥር ደግሞ ጥቁር ጢሙ ተንጠልጥሎ ይታያል።

ምግቡ በአብዛኛው አጥንት ነው። ትናንሾቹን አጥንቶች ሙሉ በሙሉ ይውጣል፤ የጨጓራው አሲድ እጅግ ኃይለኛ ስለሆነ በአንድ ቀን ገደማ ውስጥ ያሟሟቸዋል። ትልልቆቹን ግን በእግሮቹ ይዞ ወደ ላይ ይወጣና ከድንጋይ ላይ ይለቃቸዋል። ሥራውን ለማየት ከታደሉ ሥርዓቱን ያስተውሉ፤ ነፋሱን ፊት ለፊት ይይዛል፣ ከአለቱ በላይ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀንሶ ትንሽ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከዚያ እግሩን ይከፍታል። አጥንቱ እንደወደቀ ክንፉን ሰብስቦ እየተሽከረከረ ይከተለዋል፣ ቁራዎች እንዳይቀድሙት። ካልተሰበረ አንሥቶ ደግሞ ይወጣል፤ በዚህ ሥራ ብዙ ጊዜ ሊደጋግም ይችላል። ለዚህ ሥራ የሚመርጠው ጠፍጣፋ አለት ስላለው፣ በተራራ መንገድ ላይ ስብርባሪ አጥንት የተከማቸበት ድንጋይ ካገኙ ከርቀት ቁጭ ብለው መጠበቅ ያዋጣል። ከሌሎቹ ጥንብ አንሶች በተለየ ሞቃት አየር እስኪነሣ አይጠብቅም፤ ገደሉን ታክኮ በሚወጣው ነፋስ በማለዳም በደመናማ ቀንም ይበራል። ስለዚህ ወደ ሥራ የሚወጡበት ሰዓት ለእርሱ የተመቸ ነው።

ስለ ንስሮች ባጭሩ ልናገር፤ እነርሱን በትክክል ለመለየት ልምድ ያስፈልጋል፣ የመጀመሪያ ዓመት ተመልካችም «ትልቅ ቡናማ ንስር» ብሎ ቢጽፍ ነውር የለበትም። ሆኖም ሁለቱን ማንም ሊለያቸው ይችላል። አንደኛው ጥቁሩ የገደል ንስር ነው፤ ጀርባው ላይ የፊደል ቪ ቅርጽ ያለው ነጭ ምልክት አለው፣ ክንፉ ከአካሉ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ጠበብ ብሎ መሃል ላይ ይሰፋል፣ ዋና ምግቡም ሽኮኮ ስለሆነ ሽኮኮ በሌለበት ገደል እርሱን መፈለግ ድካም ነው። ሁለተኛው ጎፈሬ ያለው ንስር ነው፤ ዛፍ ወይም ምሰሶ ላይ ሲቀመጥ ከራሱ ላይ የቆሙት ረጃጅም ላባዎች በነፋስ ይወዛወዛሉ፣ ሲበር ደግሞ በጥቁሩ ክንፉ ጫፍ ላይ ሰፋ ያለ ነጭ መስኮት ይታያል። የቀሩት ቡናማዎች በአብዛኛው ነዋሪው ቡናማ ንስርና በበጋው ወራት ከእስያ ሜዳዎች የሚመጣው የስቴፕ ንስር ናቸው። የስቴፕ ንስር ቢጫው የአፉ ጥግ እስከ ዓይኑ መጨረሻ ድረስ የሚዘልቅ ሲሆን፣ ወጣቱ ክንፉ ሥር ሰፊ ነጭ መስመር አለው።

ከተማ ውስጥ የርግብ መንጋ በድንገት ተሰብስቦ ሰማይ ላይ ሲገላበጥ ካዩ፣ ርግቦቹን ትተው ከእነርሱ በላይ ይመልከቱ። ክንፉ ረጅምና ሹል፣ አበራረሩ ፈጣን የሆነው ፋልከን በአብዛኛው ከዚያ አለ። ላነር የሚባለው ፋልከን የራሱ ቅል ቀላ ያለ ሲሆን፣ ገደልም ሆነ ረጅም ሕንፃ፣ የመስጊድ ሚናራም ሆነ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ለመቀመጫ ይመቸዋል። ዶሮ ነጣቂ ብለን የምናማቸው ጭላቶች ደግሞ ከዚህ ፍጹም የተለዩ ናቸው፤ ክንፋቸው አጭርና ክብ፣ ጅራታቸው ረጅም ስለሆነ በዛፎች መካከል ለመሹለክ የተመቹ ናቸው። ሰማይ ላይ ረጅም ጊዜ አያንዣብቡም፤ ጥቂት ጊዜ ፈጥነው ያራግቡና ይንሳፈፋሉ፣ ከዚያ ይሰወራሉ። በአብያተ ክርስቲያናት ግቢ ያሉ ያረጁ የጽድና የወይራ ዛፎችና በተዳፋቱ ላይ ያሉ የባሕር ዛፍ ተክሎች የእነርሱ ቤት ናቸው። በእነዚሁ ግቢዎች ሌሊት ጉጉት ይኖራል፤ በመጥፎ ምልክትነት እየተቆጠረ የሚባረረውና የሚገደለው ይህ ወፍ የእህል ጎተራችንን የሚያራቁተውን አይጥ የሚበላ በመሆኑ፣ ድምፁን የሰማ ሰው ደስ ሊለው ይገባል።

አዳኝ ሳይሆኑ የሚያሳስቱም አሉ። በደጋችን የሚኖረው ወፍራም አፍ ያለውና ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ትልቁ ቁራ ከርቀት ሲንሳፈፍ ንስር ይመስላል። ጅራቱ አጭርና ክንፈ ሰፊ የሆነው ሌላው ቁራ ደግሞ በሞቃት አየር ሲዞር ጥንብ አንሳ መስሎ ብዙዎችን አታልሏል፤ ድምፁን እስኪያሰማ መጠበቅ ነው። አባ ኮዳ ረጃጅም እግሮቹን ከጅራቱ በኋላ ዘርግቶ ስለሚበር ከእግሩ ይታወቃል፤ ጋጋኖም በጩኸቱ ራሱን ያጋልጣል። ይሁን እንጂ ቁራዎች ከሁሉ የተሻሉ ረዳቶቻችን ናቸው። ደረተ ነጭ ቁራዎች ተሰባስበው አንድ ነገር ላይ እየተወረወሩ ሲጮኹ ከሰሙ፣ በመካከላቸው ያለው ወፍ አዳኝ የመሆኑ ዕድል ከፍተኛ ነው።

የት ልቁም ላሉት፣ እርስዎ የሚኖሩበት መንገድ ራሱ መልስ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ በ2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት በ1,850 ሜትር አካባቢ ይገኛሉ። ይህ ማለት የደጋና የወይና ደጋ ወፎች በአንድ ጠዋት ጉዞ ይገኛሉ፤ ከዚያም በላይ ከቁልቁለቱ አፋፍ ሆነው ወፉን ከሥር ሳይሆን ከጎንና ከላይ ያዩታል። አንድ ወፍ ከዓይን ትይዩ ሲያልፍ የጀርባው ቀለም፣ የጅራቱ የላይኛው ገጽ፣ ነጭ ምልክቶቹ ሁሉ ግልጽ ይሆናሉ፤ ሜዳ ላይ ያለ ተመልካች ይህን ለማግኘት ብዙ ይደክማል። ስለዚህ ሐረጎ ላይ መኪና በደህና የሚቆምበትን ሰፊ ቦታ ይምረጡና ፀሐይን ከጀርባዎ አድርገው ይቁሙ። ጠዋት ፀሐይ ከምሥራቅ ስለምትመጣ ወደ ምዕራብ ማየት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወደ ምሥራቅ ማየት ይሻላል። በዚህ ስሌት ከደሴ በስተምዕራብ ያለውን የጦሳን ተራራ ከከተማው ሆኖ ለመመልከት ጠዋት ተመራጭ ነው፤ ብርሃኑ ተራራው ላይ ያርፋልና።

ከጦሳ ሌላ እንደ አዝዋ ገደል ያሉ አፋፎች የገደል ወፎችን ለመጠበቅ ይመቻሉ። በኮምቦልቻ በኩል የየጎፍ ደን ለጭላቶችና ለጎፈሬው ንስር፣ የቦርከና ወንዝ ዳር ለጭልፊቶች ይፈተሽ። ቦሩ ሜዳን የመሰለ ክፍት መሬት በበጋ ወራት ዝቅ ብለው፣ ክንፋቸውን ቀና አድርገው ሣሩን እየቃኙ የሚበሩትን ሃሪየር የሚባሉትን እንግዶች ለመፈለግ ጥሩ ነው፤ በወረኢሉ መንገድ ያለው ጉጉፍቱ ከ3,000 ሜትር በላይ በመሆኑ ብርዱን ለሚችል ሰው የበለጠ ነው። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለው የሐይቅ ውሃ ደግሞ ራሱና ደረቱ ነጭ የሆነውን የዓሣ ንስር ለመፈለግ የሚኬድበት ነው።

ሰዓቱን በተመለከተ ጎህ ሲቀድ መውጣት ለሌሎች ወፎች እንጂ ለአብዛኞቹ አዳኞች አያስፈልግም። ክንፈ ሰፊዎቹ በራሳቸው ጉልበት ማራገብ ስለሚያደክማቸው መሬቱ ሞቆ አየሩ ሽቅብ መውጣት እስኪጀምር ዛፍና ገደል ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ያለው ጊዜ ከሁሉ ይመረጣል፤ ገና ከፍ ሳይሉ ዝቅ ብለው ይዞራሉና። ከቀትር በኋላ ከዓይን እስኪሰወሩ ይወጣሉ። ዝናብ ካባራ በኋላ ፀሐይ ስትወጣም ላባቸውን ለማድረቅ ክንፋቸውን ዘርግተው ስለሚቀመጡ በደንብ ይታያሉ።

ከወቅቶች መካከል ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ የተለየ ነው። ከአውሮፓና ከእስያ የሚነሡ አዳኝ ወፎች ሰፊ ውሃ ላይ ሞቃት አየር ስለማያገኙ ባሕሩን በጠባቡ ቦታ፣ በባብ ኤል መንደብ በኩል ተሻግረው ወደ አፍሪካ ይገባሉ። በ1987 እ.ኤ.አ. በዚሁ ወቅት በጅቡቲ በኩል በተደረገ ቆጠራ ከ240 ሺህ በላይ አዳኝ ወፎች ሲሻገሩ ተመዝግበዋል፤ ከእነዚህም ውስጥ ከ70 ሺህ በላይ የሚሆኑት የስቴፕ ንስሮች ነበሩ። ከዚያ የተሻገረው ሁሉ በወሎ ያልፋል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ደሴና ኮምቦልቻ በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ስለሚገኙ፣ ተራራውን ታክኮ የሚነሣው ነፋስ ለተጓዥ ወፍ መንገድ ነው። በጥቅምት አንድ ቀን በርካታ ትልልቅ ወፎች በአንድ ዓምድ እየዞሩ ወጥተው፣ ከላይ ሲደርሱ በተራ በተራ ወደ ደቡብ ሲንሸራተቱ ካዩ ያ ጉዞ ነው። እነዚህ እንግዶች እስከ መጋቢት ድረስ በሀገራችን ይቆያሉ።

መሣሪያን በተመለከተ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ዓይንና ማስታወሻ ደብተር ይበቃሉ። ባይኖኩላር መግዛት ከቻሉ 8 ጊዜ የሚያቀርበውን፣ የፊት መስታወቱ 42 ሚሊ ሜትር የሆነውን ይምረጡ። 10 ጊዜ የሚያቀርበው የተሻለ ቢመስልም የእጅ መንቀጥቀጥን አብሮ ያጎላል፣ የሚያሳየው የሰማይ ክፍልም ስለሚጠብ የሚበርን ወፍ ለመያዝ ያስቸግራል። በመጀመሪያ ወፉን በባዶ ዓይን ይዘው፣ ዓይንዎን ከእርሱ ሳይነቅሉ ባይኖኩላሩን ወደ ዓይንዎ ያምጡ። ሜርሊን የተባለው ነፃ የስልክ መተግበሪያ ፎቶ አይቶ ግምት ይሰጣል፤ ግምቱን በዚያ ቦታና ወቅት ከሚጠበቀው ጋር ሳያመሳክሩ ግን አይቀበሉት። ሌላው ጉዳይ ደህንነት ነው። ባይኖኩላር ይዞ የቆመ ሰው በአሁኑ ሁኔታ ጥርጣሬ ሊያስነሣ ስለሚችል፣ ወደ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያም ሆነ ወደ ጥበቃ ቦታዎች በፍጹም አያነጣጥሩ፤ አዲስ ቦታ ሲሄዱ በመጀመሪያ ለአካባቢው ሰዎች ሰላምታ ሰጥተው የመጡበትን ይንገሩ። ጦርነት ባለፈባቸው ኮረብታዎችም ከተለመደው የእግር መንገድ አይውጡ፤ ምንነቱን የማያውቁትን ብረትም አይንኩ።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ይህን ምላሽ ልጨርስ አልችልም። ባለቆቡ፣ ጀርባ ነጩና የሩፐል ጥንብ አንሶች ሦስቱም በ2015 እ.ኤ.አ. እጅግ ለከፋ የመጥፋት አደጋ ከተጋለጡት ተርታ ተመድበዋል። በአፍሪካ ዋናው ገዳያቸው መርዝ ነው። ጅብን ወይም ባለቤት የሌለውን ውሻ ለመግደል የተመረዘ ሥጋ ሲጣል፣ የሞተውን ውሻ የሚበሉት ጥንብ አንሶች አብረው ይሞታሉ፤ በመንጋ ስለሚመገቡም አንድ ሬሳ ብዙዎችን ይፈጃል። በአብዛኛው በዓመት አንድ ጫጩት ብቻ የሚያሳድጉ በመሆናቸው የሞተውን ለመተካት ረጅም ዘመን ይፈጅባቸዋል። በደቡብ እስያ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የሦስት ዓይነት ጥንብ አንሶች ቁጥር ከ95 በመቶ በላይ ያሽቆለቆለው ለከብት በሚሰጥ ዳይክሎፌናክ በተባለ የሕመም ማስታገሻ ምክንያት መሆኑ የታወቀው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሕንድ፣ ኔፓልና ፓኪስታን መድኃኒቱን ለከብት እንዳይሰጥ የከለከሉት በ2006 እ.ኤ.አ. ነበር። እኛም ዘንድ ይህን መድኃኒት የወሰደ ከብት ከሞተ በጥልቅ መቀበር ይኖርበታል። በአንድ ቦታ ከአንድ በላይ የሞተ ጥንብ አንሳ ካዩ በባዶ እጅ አይንኩ፣ ውሻና ሕፃናት እንዳይቀርቡ ያድርጉ፣ ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም ወዲያውኑ ያሳውቁ።

እርስዎ በየቀኑ አንዱን መንገድ በአንድ ሰዓት የሚያልፉ መሆንዎ ለዚህ ሥራ ትልቅ ዋጋ አለው። ጎብኚ መጥቶ በአንድ ቀን የሚቆጥረው ዕድል ነው፤ በአንድ ቦታ ዓመቱን ሙሉ የተመዘገበ ግን ወፎቹ መጨመር መቀነሳቸውን ያሳያል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የቆሙበትን ቦታ፣ የአየሩን ሁኔታ፣ የወፎቹን ብዛትና የሄዱበትን አቅጣጫ ይጻፉ፤ ስሙን ካላወቁት ቅርጹን ይሣሉት። ኢበርድ በተባለው ዓለም አቀፍ መዝገብ ላይም በስልክዎ ሊያስገቡት ይችላሉ። ቆመው ምንም ሳያዩ የተመለሱባቸውን ቀናትም እንዲሁ ይመዝግቡ፤ ጥንብ አንሳ ከአንድ አካባቢ መጥፋቱ የሚታወቀው ከእነዚህ ባዶ ቀናት ነውና። የቀዩን ጅራት ጥንዶች በተመለከተ ደግሞ ቅርንጫፍ ወይም ጭራሮ በእግራቸው ይዘው ወደ አንድ ዛፍ ወይም አለት ሲመላለሱ ካዩ ጎጆ እየሠሩ ነውና ቦታውን ለብዙ ሰው ሳይናገሩ ከርቀት ይከታተሉ።